የስምጥ ሸለቆው ሹፌር

አቶ አጥናፉ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያሽከረክሩ የጫኑት የመሬት ተመራማሪዎችን፣ ባትሪያቸውን፣ የጀሪካን ውኃና ጂፒኤስ የሚባለውን መለኪያ ነበር። በየዓመቱ ወደ አንድ አለት ይመለሳሉ። አለቱ ላይ የብረት ምልክት ተተክሏል። ምልክቱ ከአምና ቦታው ምን ያህል እንደራቀ ይለካል። ሹፌር ጥላ ሥር ተኝቶ ቢጠብቅ ማንም አይወቅሰውም። እሳቸው ግን መተኛት አልሆነላቸውም። ገመድ ያቀብላሉ፣ ይጠይቃሉ። በኋላማ አለቃቸው ዶክተር ኢያቄም ራሳቸው ይጠሯቸው ጀመር።

«አጥናፉ፣ አዲስ አበባ አንድ የምድር ቅርፊት ሰሌዳ ላይ ነው ያለችው። አርሲና ባሌ ሌላ ሰሌዳ ላይ ናቸው። ሁለቱ ሲራራቁ መሐሉ ይሳሳል፣ ይሰምጣል። ሸለቆው የተፈጠረው እንዲህ ነው። ከሥር ደግሞ ቅልጥ አለት ይገፋል። እነ ፈንታሌ ተራራ ከዚያ የወጡ ናቸው።»

«በዓመት ስንት ይራራቃሉ?»

«እዚህ አካባቢ ስድስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።»

አቶ አጥናፉ በልባቸው ሳቁ። ለስድስት ሚሊ ሜትር ይሄ ሁሉ ናፍጣ! በ1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ የተሰነጠቀውን ምድር ካዩ በኋላ ግን አልሳቁም። ለመቶ ዓመታት ቀስ እያለ ሲወጠር የኖረው መሬት በጥቂት ሳምንት ውስጥ በሜትር ተላቆ ነበር። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ቆመው ድንጋይ ወረወሩ፤ ሲያርፍ አልሰሙትም።

ሚስታቸው ገበያነሽ ይህን ሁሉ በስልክ ነው የሰማችው። ልጅ አልወለዱም። «ጡረታ ስወጣ አብረን እንዞራለን፣ ላንጋኖን አሳይሻለሁ» ይሏት ነበር። ጡረታ በወጡ በስድስተኛው ወር ሞተችባቸው። ላንጋኖን አላየችም።

ከዚያ ደግሞ የካዛንቺስ ሰፈራቸው ፈረሰ። እድርተኛው በየአቅጣጫው ሄደ። የአቶ አጥናፉ ቤት ከመንገዱ ወዲህ ያለ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ አራተኛው ደርብ ላይ ስለሆነ ሳይነካ ቀረ። ጠዋት በረንዳ ላይ ሲቆሙ የሚያውቁት ጣሪያ አይታያቸውም። ሰላም የሚሉት ሰው ፍለጋ እስከ ኡራኤል ይሄዱና ተሳልመው ይመለሳሉ።

በ2017 ታኅሣሥ አንድ እሑድ፣ ቀትር ላይ፣ ቤቱ ተነቃነቀ። መብራቱ ተወዛወዘ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ነዋሪው ሁሉ እየጮኸ ደረጃውን ወረደ። አቶ አጥናፉም ወረዱ። ግቢው ውስጥ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ብቻ የተጫማች ሴት ቆማ ነበር። ከፊት ለፊታቸው ባለው በር ለአራት ዓመት የኖረችው ሀምዲያ ናት፤ ኡራኤል የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት። ከሰላምታ አልፈው አያውቁም።

«ጋሼ፣ ከተማው ሊሰምጥ ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«አይሰምጥም፣ ልጄ። የሚነቃነቀው ፈንታሌ ነው፤ ከዚህ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ቅልጥ አለት ከሥር መንገድ እየከፈተ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ንዝረቱ ነው።»

«እርስዎ በምን አወቁ?»

«እዚያ ነው ያረጀሁት» አሏት።

ሰው እየተረጋጋ ሲመለስ እሳቸው ስልካቸውን አወጡ። ፈንታሌ ግርጌ መገርሳ የሚባል ከብት አርቢ ወዳጅ አላቸው። ተመራማሪዎቹ እዚያ የተከሉት መለኪያ ጠባቂ ነበር። ለአሥር ዓመት ባለፉ ቁጥር አብረው በልተዋል፤ ከሥራ ዘመናቸው እስካሁን የሚደውልላቸውም እሱ ብቻ ነው። ስልኩ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ ነው። በሬዲዮ ሰዎች ከአካባቢው እየወጡ መሆኑን ሰሙ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አዳማ፣ ከአዳማ በሚኒባስ መተሐራ ወረዱ።

እየጠየቁ ሄደው ከሰዓት በኋላ አገኙት። ከተራራው ራቅ ብሎ፣ ሸራ ከተወጠረበት ሜዳ ዳር፣ ከብቶቹን ይቆጥር ነበር።

«አጥናፉ! ምን ልትሠራ መጣህ? ሰው ይሸሻል፣ አንተ ትመጣለህ?»

«ስልክህን ዘጋህብኝ።»

«ባትሪውን የት ልሙላው? ቤቱ ተሰንጥቋል።»

መገርሳ ወስዶ አሳያቸው። ስንጥቁ ጎጆውን ለሁለት ከፍሎ፣ በአጥሩ ሥር አልፎ፣ ወደ ሜዳው ይሄዳል። እጅ ያስገባል። አቶ አጥናፉ ተንበርክከው ከአፋፉ እስከ አፋፉ በስንዝራቸው ለኩት፤ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ለስድስት ሚሊ ሜትር የሳቁበት ቀን ትዝ አላቸው። እዚያው እንደተንበረከኩ ጉልበታቸው ሥር ምድር አጉረመረመች። መገርሳ ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው።

ሸራው ሥር ወተት እየጠጡ «አዲስ አበባ ና» አሉት። «አንድ ክፍል ባዶ ነው። ልጆቹንም አምጣቸው።»

«ከብቶቹንስ? አራተኛ ፎቅ ላወጣቸው ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። የአቶ አጥናፉ ሳቅ ቶሎ አለቀ።

«እውነቴን ነው የምልህ» አሉ።

«አውቃለሁ። ግን ሣር ወዳለበት እንወርዳለን። እዚያ ኔትወርክ የለም። ሳገኝ እደውላለሁ።»

ሌሊቱን ሸራው ሥር አድረው ተመለሱ። ካዛንቺስ ሲደርሱ ታክሲው የዱሮ ፌርማታው ስለሌለ አርቆ አወረዳቸው፤ በአዲሱ ሰፊ መንገድ ዳር ብቻቸውን ተራመዱ።

መገርሳ ከሁለት ሳምንት በኋላ በማያውቁት ቁጥር ደወለ። «ደህና ነን፤ አንዲት ላም ብቻ ናት የሞተችብን» አለ፤ መስመሩ ተቋረጠ። መልሰው ሲደውሉ የስልኩ ባለቤት ሌላ ሰው ሆነ፤ መገርሳ ከብቶቹን ይዞ መሄዱን ነገራቸው።

በጥር መጨረሻ ሀምዲያ በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ እኔ በቃ አልቻልኩም። መሬቱ ሲነቃነቅ ልቤ ይቆማል። ቄራ እህቴ ጋ ልገባ ነው፤ ምድር ቤት ነው።»

«ይሄ ፎቅ እኮ ከዚያ የባሰ አይደለም፤ ግን ፍርሃት ካለብሽ ሂጂ» አሏት።

ፍራሹን በአንድ ወገን ይዘው አራት ፎቅ አወረዱላት። ዕቃው ፒክአፑ ላይ ሲታሰር ስልኳን ሰጠቻቸውና ቁጥራቸውን ራሳቸው እንዲጽፉ ጠየቀቻቸው። ጽፈው ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ስምዎን ነዋ። ማን ልበል?»

«አጥናፉ።»

«አጥናፉ» ብላ ደገመችው፤ ከዚያ ጋቢና ገብታ ሄደች።

አቶ አጥናፉ ወደ ቤታቸው ሲወጡ ሦስተኛው ደርብ ላይ ለማረፍ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። እዚያው ሳሉ መወጣጫው ለስለስ ብሎ ተነቃነቀ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልወረደም። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው እስኪያልፍ ጠበቁና የቀረውን ደረጃ ወጡ።