አራት ቁጥርና የጋሽ ዝምታ ዜማ

በመድኃኒት ምርምር ቤቱ የአሳማዎቹን ክፍል የሚጠብቀውን ሰውዬ ባልደረቦቹ «ጋሽ ዝምታ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት በሩ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ነው፤ «ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው» ይላል። እሱም ከቦት ጫማው ኮቴ በቀር ድምፅ ሲያሰማ የሰማው የለም። ሚስቱ ቅጽል ስሙን የሰማች ዕለት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሷ የምታውቀው ባል ጫማውን ሲያወልቅ ያንጎራጉራል፣ ፊቱን ሲታጠብ ይገጥማል። ደግሞ አንዱን ግጥም ሁለቴ አይልም፤ የተደገመ ግጥም እንደ ትናንት ሻይ ነው ባይ ነው።

ጉዱ ያለው ከበሩ ጀርባ ነበር። ስድስቱ አሳማዎች ድንክ ዝርያ ናቸው፤ አድገው ጨርሰውም ከሰው ጉልበት አይበልጡም። አዲሱን የልብ መድኃኒት ሰው ከመቅመሱ በፊት የሚቀምሱት እነሱ ናቸው። የልባቸው ምት የሚለካው አራት ቀዳዳ ባለው ሸራ ላይ እግራቸውን አሾልከው ተንጠልጥለው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቤቱን ቀውጢ ያደርጉት ነበር። ፖም ቢቆርስላቸው ፖሙን በልተው ጩኸታቸውን ቀጠሉ። ቢቸግረው በሩን ዘጋና ለዐመለኛዋ አሳማ ለአራት ቁጥር ጆሮዋ ሥር አንጎራጎረላት። ጆሮዋን ጣል አደረገች። ከዚያ ወዲያ ስድስቱም ያለ ዜማ ተለክተው አያውቁም። ሙከራውን የምትመራው ዶክተር ግን ይህን ምን አውቃ፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን የረጋ ምት እያየች በጨዋነታቸው ትደነቅ ነበር።

መድኃኒቱ ሰኞ ሊጀመር፣ ቅዳሜና እሁድ የእህቱ ልጅ ሠርግ ሆነ። ሁለት ቀን ሙሉ ሙሽራዋን ሲያሞግስ ሰንብቶ፣ ሰኞ ድምፁ ዘይት እንዳጣ በር ሲጥ ሲጥ አለ። አሳማዎቹ ሸራው ላይ ሆነው አፍ አፉን አዩት። እሱ ፖም ዘረጋ። ልባቸው ከሰማንያ ተነሥቶ መቶ ሠላሳ ገባ። ማክሰኞም እንዲያው፤ ረቡዕ ባሰ። ስድስቱም መድኃኒቱን ስለወሰዱ የሚነጻጸሩት ከራሳቸው ካለፈው ሳምንት ጋር ነው። ዶክተሯ ዐሥር ዓመት የደከመችበት መድኃኒት ልብ ይጎዳል ማለት ነው ብላ ፊቷ ጠቆረ። ሙከራው በመጪው ዐርብ እንዲቆም፣ አሳማዎቹም ተገድለው ልባቸው ተከፍቶ እንዲታይ ተወሰነ።

ረቡዕ ማታ ጋሽ ዝምታ ቤቱ ሲገባ የቀረበለትን ምግብ ገፋ አደረገው። ሚስቱ ነገሩን አንድ በአንድ አወጣጣችው።

«ብናገር ያባርሩኛል» አላት።

«ቢያባርሩህ አንተ እኔ አለሁህ። እነሱ ማን አላቸው?»

ሐሙስ ጠዋት ዶክተሯ ፊት ቆመ።

«እዘፍንላቸው ነበር» አላት በሻከረ ድምፁ።

«ለማን?»

«ለአሳማዎቹ።»

ዶክተሯ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ጋሼ፣ እርስዎ? በሉ፣ አሁኑኑ ይዝፈኑልኝ።»

አራት ቁጥር ሸራዋ ላይ ወጣች። ማሽኑ መቶ ሠላሳ ሁለት ይላል። ጋሽ ዝምታ ላብ እያጠመቀው፣ ድምፁ እየተሰበረ አወረደው፦

ሸራ ላይ ተኝታ መሬትም ሳትነካ፣
የሷን ልብ ሲቆጥሩ የኔም ልብ ተለካ።

መቶ ዐሥር። ዘጠና አምስት። ሰማንያ ሁለት ላይ አራት ቁጥር ዐይኗን ጨፈነች። ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ መነጽሩ ግን አልቆሸሸም ነበር።

አላባረሩትም። ከዚያ የባሰ ነገር ነው ያደረጉት። የሥራ መመሪያው ላይ «በየልኬቱ አንድ ግጥም ይዜማል» ተብሎ ገባ፤ ከሥሩም በቀይ ተሰምሮ «ግጥሙ አይለወጥም» ተባለ። ሙከራው ቀጠለ፦ ስድስት አሳማ፣ ዘጠና ቀን፣ ያችው ግጥም። በሃያኛው ቀን አንዲት ቃል ብቻ ልለውጥ ብሎ ቢለምን፣ ዶክተሯ «ሳይንስ ሳይንስ ነው፣ ጋሼ» ብላ አሰናበተችው።

አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ሚስቱ ሰሃን እያጠበች ያችኑ የአሳማዋን ግጥም ስታንጎራጉር ደረሰ።

«ደግሞ ከየት ሰማሻት?»

«በእንቅልፍህ ትላታለህ እኮ» አለችው ሳትዞር። «ምን ላድርግ፣ እኔንም ልቤን ታረጋልኛለች።»

ጋሽ ዝምታ ቦት ጫማውን አወለቀ። እሷ ደገመችው፤ እሱም ዝም ብሎ ሰማት።