ሳልከፍት ያየሁት ካርድ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ያስታጎልኩትን ጸሎት እዘረዝርላቸዋለሁ። "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ "ይኸው ነው አባቴ" እላለሁ። ይኸው አይደለም። ለእናንተ የምነግራችሁ ያን ሁልጊዜ የማስቀረውን ነው።

የምሠራው በምዕራብ ጎጃም ካሉ ሆስፒታሎች በአንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የበደልኩት እኔ እንጂ ቤቱ አይደለም። የበሽተኞች ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲዞር ፕሮግራሙን ከሠሩት አንዱ ነኝ፤ የመፈለጊያውን ገጽ ደግሞ ብቻዬን ነው የሠራሁት። ኩራቴም እሱ ነበር። ከሰከላና ከቋሪት ገጠር የሚመጡ አሮጊቶች ካርዳቸው ይጠፋባቸዋል፤ ስማቸው አንድ ጊዜ በክርስትና ስም፣ ሌላ ጊዜ በቤት መጠሪያ ይጻፋል። ስለዚህ የራሳቸው ስም ባይገኝ እንኳ ይዟቸው በሚመጣው አስታማሚ ስም እንዲገኙ አደረግሁ። የካርድ ክፍል ሠራተኞች መረቁኝ። ምሥጢር እንዳይወጣም ተጨንቄ ነበር። ፍለጋው የተጠየቀውን ስም፣ የካርድ ቁጥሩንና የሕክምናውን ክፍል ብቻ ያሳያል፤ ከዚያ አልፎ ካርዱን የከፈተ ሰው ሁሉ ስሙ ይመዘገባል። ከሌላው ሰው ዓይን እንዲህ ስጠብቃቸው፣ ከእኔ ዓይን ማን ሊጠብቃቸው ኖሯል?

እህቴ ውባለም ታጨች። ወላጆቻችን ያሉት ከገበዘ ማርያም ከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ሰውየው ደግሞ የቡሬ ገጠር ልጅ ነው። አንሙት ልበለው፤ ስማቸውን ሁሉ ቀይሬያለሁ፣ ቢያንስ ይህን ተምሬያለሁ። በቆሎና በርበሬ እያመረተ፣ አባቱ ሞተውበት እናቱን የሚጦር ሰው ነበር። ሽማግሌ መጣ፣ ዝምድና ተቆጠረ፣ ቀን ተቆረጠ። ውባለም በስልክ ስታወራኝ ድምጿ ሳይቀር ይስቅ ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ወንድም ነኝና ሽማግሌ የማያየውን ማየት አለብኝ አልኩ። ለእህቴ አስቤ ነበር? አዎ፣ አስቤ ነበር። ግን ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፤ ያየሁት ማየት ስለምችል ነው።

የምሳ ሰዓት ነበር፣ ክፍሉ ባዶ ነው። ስሙን ከነአባቱ ጻፍኩ። አንድ መስመር መጣ። የአንሙት ስም፣ ቁጥር፣ ከጎኑም የኤችአይቪ ክትትል ክፍል። ካርዱን ልክፈተው ወይስ ልተወው እያልኩ ቆየሁ፤ ብከፍተው ስሜ ይመዘገባል፣ መዝጋቢውን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ እንደማይምረኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አልከፈትኩም። ገጹን ዘጋሁና "አልከፈትኩም እኮ" አልኩ ለራሴ። አያችሁ ብልጠቴን? የሰው ገመና ካየሁ በኋላ፣ አላየሁም የምልበት መውጫ ለራሴ አበጀሁ። ወጥቼም ሻይ ጠጣሁ።

በማግስቱ ለአባቴ ደወልኩ። "አባባ፣ ይህ ጋብቻ ይቅርብዎ። ለምን ብለው አይጠይቁኝ" አልኳቸው። "ገባኝ" አሉ። የት እንደምሠራ ያውቃሉ፤ በእኛ አገር ደግሞ ይህን ያህል ከተባለ በቂ ነው። እሳቸው ለእናቴ፣ እናቴ ለአክስቴ፣ ወሬው ጋብቻውን ሊያፈርሱ ከተላኩት ሽማግሌዎች ቀድሞ ቡሬ ገባ።

አንሙት ወር በወር ጽዋ ከሚጠጣበት ማኅበር ዋንጫ ለብቻው ለዩለት። ይህን የነገረችኝ ውባለም ናት፣ እያለቀሰች። ተቀብሎ ጠጣ አሉ። "የለብኝም፣ ወስዳችሁ አስመርምሩኝ" አላለም። እኔም ዝምታውን ማስረጃ አደረግሁት። ባይኖርበትማ ይናገር ነበር አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ!

ከወራት በኋላ የክትትል ክፍሉ ሲስተር ወደ ቢሮዬ መጣች። አንዲት እናት መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ ቆይተዋል፣ ኮምፒውተሯ እምቢ ብሏታል፣ የአስታማሚያቸውን ስልክ አውጣልኝ አለችኝና የካርድ ቁጥራቸውን ሰጠችኝ። አሁን የሥራ ጉዳይ ነውና ያለ ፍርሃት ከፈትኩት። ታካሚዋ ወይዘሮ እናኑ። አስታማሚ፣ ልጃቸው አንሙት።

ስልኩን አነበብኩላት። ድምፄ እንኳ አልተለወጠም፤ ይህንንም ከጥፋቴ ቁጠሩልኝ። ያኔ በአንሙት ስም የመጣልኝ መስመር የእናቱ ካርድ ነበር። በአስታማሚ ስም እንዲፈልግ ያደረግሁት እኔ፣ የረሳሁትም እኔ። ያን ቀን ካርዱን ከፍቼው ቢሆን ኖሮ የሴት መሆኑን ወዲያው አውቅ ነበር። ያልከፈትኩት ደግሞ ለሰው ምሥጢር አዝኜ አልነበረም፣ ላለመያዝ ነበር። አንሙት አፉን ለምን እንደዘጋም ያኔ ገባኝ። "እኔ አይደለሁም" ቢል "ታዲያ ማን ነው?" ይባላል፤ በዚያ ቤት ደግሞ ከእናቱ በቀር ሰው የለም። ለአባቴ ደውዬ ተሳስቻለሁ ማለት ነበረብኝ። አልደወልኩም። የእናትየውን ምሥጢር መጠበቄ ነው አልኩ። ከመቼ ወዲህ ነው እኔ ምሥጢር ጠባቂ የሆንኩት?

ሲስተር ደውላ አንሙት "እሺ" ቢላትም እናትየው አልመጡም። አንሙት ግን መጣ፤ ወደ ክትትል ክፍሉ ሳይሆን ወደ እኔ ቢሮ። የውባለም ወንድም መሆኔን ጠየቀኝ፣ ነኝ አልኩት። ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም።

"ማን ተናገረ ብዬ አልጠይቅህም፣ ለእሱ አይደለም የመጣሁት" አለኝ። "እናቴ መድኃኒቷን ትታለች። ኮምፒውተሩ ያወራል፣ ሁለተኛ እዚያ ቤት አልረግጥም ትላለች። እኔ ብነግራት አልሰማ አለችኝ። የሠራኸው አንተ ነህ አሉኝ፤ እባክህ መጥተህ አያወራም በላት።"

ያውቅ ነበር። ዓይኑን ሳየው ማወቁ ገባኝ። ግን ሊከሰኝ አልመጣም፤ የፈለገው እናቱ እንድትተርፍለት ብቻ ነው።

አብሬው ሄድኩ። ከቡሬ በባጃጅ ወጣን፣ ከዚያ በእግር። ወይዘሮ እናኑ ደጅ ላይ በርበሬ ሲቀነጥሱ አገኘናቸው። ከስተዋል፣ ሳልም ጀምሯቸዋል። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና ኮምፒውተር በራሱ ለማንም እንደማይናገር፣ ካርዳቸውንም ከሐኪማቸው በቀር ማንም ማየት እንደማይችል አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ይሁን ልጄ፣ እሱስ አይናገር። ታዲያ ማን ነገረ?" አሉኝ።

አንሙት ፊቱን ወደ ማሳው አዞረ። እንድናገር ጊዜ የሰጠኝ ይመስለኛል። እኔ ግን "የሰው ወሬ ነዋ፣ እማማ" አልኩ።

"ሰው ከሆነማ ሰውየው ዛሬም እዚያው አለ። እንዴት ብዬ ነው የምመለስ?"

መልስ አልነበረኝም? ነበረኝ። "ሰውየው እኔ ነኝ፣ እኔ ከዚያ እወጣለሁ፣ እርስዎ ይመለሱ" ማለት ነበር። ይህን ብል ሥራዬን አጣለሁ፣ ምናልባትም እከሰሳለሁ፣ አባቴም ያፍሩብኛል። እሳቸው ግን መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። ይህን ሁሉ እዚያው ፊታቸው ተቀምጬ አሰብኩት፤ አስቤም ሥራዬን መረጥኩ። ሳላውቅ አይደለም፣ ደንግጬም አይደለም። አውቄ መረጥኩ። አንሙት እስከ መንገዱ ሸኘኝና ስለ መምጣቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለኝ። ወይዘሮ እናኑ አልተመለሱም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

እኔ ዛሬም እዚያው ቢሮ ነኝ። ውባለም ሌላ ሰው አግብታለች፤ አንሙት በሽተኛ ነው ብላ እንዳመነች አለች፣ እኔም አላቃናሁላትም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። አንሙት በሕይወት አለ፣ በገበያ ቀን ቡሬ ይወጣል፣ ልፈልገው ብል አላጣውም። ይህን ሁሉ ከማንም በፊት መስማት የነበረበት እሱ ነው። ለእናንተ የነገርኳችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ለእሱ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።