የአጎቴ ሽንኩርት

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ ኦክላንድ ባቡር ጣቢያው በር ላይ በጋሪ ሆት ዶግ ይሸጡ ነበር። እዚህ ሰው የለመደው በቤከን ተጠቅልሎ የተጠበሰውን ነው፤ እሳቸው ግን የአሳማ ሥጋ በእጃቸው አይነኩም። የበሬውን ቋሊማ ጠብሰው፣ ቡናማ እስኪሆን የተቁላላ ሽንኩርትና ቃሪያ ይከምሩበታል፤ ከላይ ማዮኔዝና ሰናፍጭ። «ቤከኑስ?» ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «መጀመሪያ ሽንኩርቱን ቅመስ፤ ከዚያ ተጣላኝ።»

ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾሙ አይቀምሱም። ጆሯቸውን ወደ መጥበሻው ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፤ ጩኸቱ ዝግ ሲል «በቃ፣ ደርሷል» ይሉና ያወጡታል። ተሳስተው አያውቁም።

የታመሙ ጊዜ ኮል አድርገው «ለዚህ ዊክኤንድ ብቻ ከቨር አድርግልኝ» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ከጋሪው ኋላ አልወጣሁም። ሳን ሆዜ ያገኘሁት ሥራ አመለጠኝ። ከቀብሩ በኋላ «ጋሪውን እንሽጠው» ብል፣ ባለቤታቸው «እሱንም ልትቀብርብኝ ነው?» ብለው አለቀሱ።

ትናንት ዓርብ ነበር። እንደ እሳቸው ጆሮዬን ዘንበል አደረግሁ፤ የሰማሁት የባቡሩን ጩኸት ብቻ ነው። ሁልጊዜ ከአጎቴ እጅ የሚበሉት ወሎዬው ባለታክሲ ወዳጃቸው ቀመሱና ሽንኩርቱን ገለጥ አድርገው አዩት።

«ምነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ምንም አይደል ልጄ» አሉ፤ «አሯል።» ግን ጨርሰው በሉት።

በጋሪውና በጣቢያው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሰው ብቻ ያስቆማል። ሊያጽናናኝ የሚመጣው ሁሉ «ቦታቸው ባዶ ቀረ» ይለኛል።

ምኑ ነው ባዶ የቀረው? እኔ ቆሜበት!