የዋጊማን ጥቁር ፎቶ

ጎረቤቴ ዋጊማን እዚህ ጃቫ ደሴት ላይ የእሳተ ገሞራችን ጠባቂ ነው። የሙቀት ካሜራው የሚያነሳውን፣ በሺዎች የሚቆጠር የሙቀት ደረጃ የያዘ ምስል፣ ስልክ ወደሚከፍተው ተራ ፎቶ ይቀይርና በየጠዋቱ ለመንደሩ ይልካል። ያ የተረገመ መቀየሪያ ፕሮግራም ግን የዕለቱን ከሁሉ የሞቀ ቦታ፣ ለብ ያለ ብቻ ቢሆንም፣ ደማቅ ቀይ ያደርገው ነበር። ተራራው በየቀኑ የሚነድ መሰለን። አማቱ እማማ ሱቲናህ ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ከተው፣ ጫማቸውን እንዳደረጉ ነበር የሚተኙት።

"አንተ ልጅ፣ በድንጋጤ ልትገድለን ነው እንዴ?" አሉት።

ስለዚህ የፕሮግራሙን የቀለም መለኪያ በአንድ ቋሚ ልክ አሰረው፤ ቀይ የሚታየው ሙቀቱ በእርግጥ የሚያሰጋ ሲሆን ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፎቶው ጥቁር ብቻ ነው። እማማ ሻንጣቸውን ፈቱ፤ መንደሩም "ካሜራህ ታወረ?" እያለ ይስቅበት ጀመር። እሱ ግን ጥቁሩ ላይ አፍጥጦ "የሆነ ነገር ደብቄ ይሆን?" ሲል ሩዙ ይቀዘቅዝበታል።

ዛሬ ጠዋት ጥቁሩ መሃል አንዲት ቀይ ነጥብ አየ። ልኩ ተነክቶ እንደሆነ ፈተሸ። አልተነካም። ደግሞ ፈተሸ።

እማማ በመስኮት ብቅ ብለው "ዛሬም ጥቁር ነው አይደል?" አሉት እየሳቁ።

"እማማ፣" አላቸው፣ "ጫማዎ የት ነው?"