ያለ እረፍት

የያዙኝ ደብረ ታቦር የስፖርት መምህር ሳለሁ ነው። ከኳስ ማስቀመጫው ክፍል የተከለከለ ወረቀት ተገኘ አሉ። ያስገቡኝ ቤት የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ ነቀዝና ሽንት ይሸታል፤ ጠባብ ስለሆነ በፈረቃ ነበር የምንተኛው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እኔንና አንድ ሽማግሌ የእብናት ገበሬ ወደ ግቢው አወጡን። ሽማግሌው ለሽፍታ ስንቅ አቀብለዋል ተብለው ነው የታሰሩት። ውስጥ እግራቸው ተገርፎ አብጧል። ሁዳዴ ስለነበር ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃም አይቀምሱም።

መርማሪው የቀድሞ ተማሪዬ ነበር። ሳየው ደስ አለኝ ብል አልዋሸሁም፤ ያተርፈኛል ብዬ ነበር። ቂል ነበርሁ።

«ጓድ መምህር፣ ዛሬ አሠልጣኙ እኔ ነኝ» አለ። ድንጋይ የያዘ ጆንያ አሸክሞን ቁጢጥ እያልን እንድንነሳ አዘዘን። በየዙሩ ድንጋይ ያስጨምራል። «ጫና ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ አይደል ያልኸን?»

ቃሉ የራሴ ነበር። ሽማግሌው እያቃሰቱ ዞር ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይኸን አንተ ነህ ያስተማርኸው?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በሦስተኛው ዙር በጉልበታቸው ወደቁ። ዘበኛው በሰደፍ እየነረተ አስነሳቸው። ከንፈራቸው ነጥቷል። አንድ ዙር ቢደገም እንደሚሞቱ ታወቀኝ።

«ግማሹን ረስተኸዋል» አልሁት ተማሪዬን። «ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው።»

«አልረሳሁም። ያለ እረፍት ይፈርሳል ብለኸናል። እኛም የምንፈልገው እንዲፈርስ ነው።»

የሽማግሌውን ጆንያ ከትከሻቸው አንስቼ በራሴው ጆንያ ላይ ደረብሁት።

«የእሳቸውን እኔ እሠራለሁ።»

ሳቀ። «ሥራዋ!»

ሠራሁ። የቀኝ ጉልበቴ ጅማት ሲበጠስ ድምፁን ሽማግሌውም ሰምተውታል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ውኃውን በጣሳ ይዘው መጡና መጀመሪያ እኔን አጠጡኝ፤ ከዚያ ነው እሳቸው የቀመሱት። በዚያው ሳምንት ስማቸው ተጠርቶ ወጡ፤ አልተመለሱም። ያተረፍሁላቸው አራት ቀን ነው።

ዛሬ በከዘራ ነው የምሄደው። በጉልበቴ አልቆጭም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ ልጅ በፈተና አንድ ጥያቄ እንኳ ስቶ አያውቅም፤ እኔም በኩራት ከክፍሉ ፊት አቁሜ አስጨበጭብለት ነበር።