ቃል የምንፈልግበት ማሽን

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ወደ ሶዶ ስመለስ የተቀጠርኩበት ቢሮ የወላይትኛ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ነበር። በየገጠሩ በቴፕ የተቀዳ ተረት፣ ስብከት፣ የሽማግሌ ሙግትና የገበያ ወሬ በላቲን ፊደል ተተይቦ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ለእያንዳንዱ ቃል ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሰው በእርግጥ የተናገረው ዓረፍተ ነገር ይፈለግና በምሳሌነት ይገባል። ቃላቱን የሚመረምሩት ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ነበሩ። ኮምፒውተሩን የማንቀሳቅሰው እኔ ነበርኩ።

ማሽኑ 386 የሚባለው የድሮ ኮምፒውተር ነው፤ አዲስ አበባ የቀሩት ጓደኞቼ ያኔም ረስተውታል። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው እኚህ መምህር አንድ ቃል ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ፣ ማሽኑም ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ማሰስ ይጀምራል። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የዓይናቸው ግፊት ከፍ ብሎ ጠብታ ይዘው ነበር የሚዞሩት። ማሽኑ እስኪጨርስ አንዳንዴ ያወሩኛል፣ አንዳንዴ እንቅልፍ ሸለብ ያደርጋቸዋል። ኮምፒውተሩን አንዴ «እሱ»፣ አንዴ «እሷ» ይሉታል።

«አገኘች?»

«ገና ነው ጋሼ።»

«እንግዲህ ይፈልግ።»

በዚያው ክረምት ባለቤታቸው ታመው ዱቦ ሆስፒታል ተኙ። ጋሼ ከሥራ ሲወጡ ሚኒባስ ይይዛሉ፣ ከመንገዱ ወርደው ጭቃውን በእግራቸው ይገባሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። ጠዋት ሲመጡ የሱሪያቸው ጫፍ ላይ ጭቃው ደርቆ አየዋለሁ። ሥራውን ማቋረጥ አልፈለጉም፤ ዓይናቸው ሳይከዳቸው መጨረስ ነው ሐሳባቸው። አንድ ቀን ማሽኑ አንድ ቃል ይዞ አልለቅ ሲል ሰዓታቸውን አዩና፣

«ልጄ፣ ይቺ ነገር ትንሽ ፈጠን አትልም?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ደክሟቸዋል፣ ያ ብቻ ነው።

ፕሮግራሙን የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ነው። የተጻፈው ፓስካል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ እያንዳንዷን ፊደል ያነሣል፣ ትልቅም ትሁን ትንሽ ወደ አንድ ዓይነት ይለውጣታል፣ ከዚያ ያነጻጽራል። አይሳሳትም፣ ግን ያዘግማል። እኔ ዩኒቨርሲቲ አሴምብሊ የሚባለውን ተምሬ ነበር። አሴምብሊ ማለት የማሽኑን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ በራሱ ቋንቋ፣ ይህን ፊደል አንሣ፣ ከዚያኛው ጋር አስተያይ፣ ካልገጠመ እለፍ እያሉ አንድ በአንድ ማዘዝ ነው። የ386ን ማኑዋል ፎቶኮፒ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ አስላክሁ። እያንዳንዱ ትእዛዝ ስንት የፕሮሰሰር ምት እንደሚፈጅ፣ ማለት ስንት ጊዜ እንደሚወስድ፣ የሚናገረው ሠንጠረዥ ደብዝዞ ስምንቱና ሦስቱ አይለይም ነበር።

ሥራውን የጀመርኩት ጋሼ ዱቦ ሲሄዱ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። አሴምብሊ ላይ ትንሽ ከተሳሳቱ ማሽኑ ቃል ሳይተነፍስ ቀጥ ይላል፤ አጥፍቶ እንደገና መነሣት ነው። መብራቱም ሲያሰኘው ይሄዳል። ያላስቀመጥኩት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ለጋሼ ብዬ የጀመርኩት ነገር ሳምንት ሳምንትን ሲወልድ ከማሽኑ ጋር እልህ መያዝ መሰለ።

መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላት እናቴ ማታ ፊቴን አይታ ትጠይቀኛለች። እሷ ከጉራጌ አገር በልጅነቷ መጥታ ሶዶ ያረጀች ናት።

«ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ነው እንዲህ የምትሆነው?»

«ቃል ስፈልግ።»

«ጠፍቶ ነው?»

«አልጠፋም። ቶሎ ለማግኘት ነው።»

«ካልጠፋ ምን ያስቸኩላል?» ብላ ቆጮውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ።

መጀመሪያ የሞከርኩት መጽሐፍ ላይ የተማርኩትን ዘዴ ነበር። የሚፈለገውን ቃል ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ ማነጻጸር፤ ካልገጠመ የቃሉን ርዝመት ያህል ዘልሎ መሄድ። ወረቀት ላይ ሲታይ ፕሮሰሰሩ ጽሑፉን ሳይነካው እየዘለለ የሚያልፍ ይመስላል። ሠርቼ ጨርሼ ስሞክረው ግን ከድሮው እምብዛም አይሻልም። ሠንጠረዡን መረመርኩ፣ ትእዛዞቹን አቀያየርኩ፣ እዚህ አንድ ምት እዚያ አንድ ምት ቀነስኩ። ለውጥ የለም። በጣም ተሰላቸሁ፤ ጓደኞቼ አዲስ አበባ ትልልቅ መሥሪያ ቤት ሲገቡ እኔ እዚህ ከአንድ አሮጌ ሣጥን ጋር እታገላለሁ ብዬም አዘንኩ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ፊደሎቹን በማሽኑ ሳስቆጥር ነው። የወላይትኛ ስም ሁሉ ማለት ይቻላል በአናባቢ ያልቃል፤ አብዛኛው ደግሞ በ«አ» ድምፅ። ጽሑፉ በዚያ ፊደል ተጥለቅልቋል። ከመጨረሻ ፊደል ስጀምር በየቦታው የገጠመ እየመሰለው ይቆማል፣ መዝለሉ ይቀራል። መጽሐፉ የተጻፈው ለሌላ ቋንቋ ነበር።

ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«እኛ ስንናገር አፋችንን ከፍተን ነው የምንጨርሰው» አሉ። «ምን ታደርገዋለህ?»

ያደረግሁት ይህ ነው። ከሚፈለገው ቃል ውስጥ በጽሑፉ ብዙ የማትገኘውን ፊደል እመርጣለሁ። 386 አንዲት ፊደል እስኪያገኝ ድረስ በአንድ ትእዛዝ ብቻ ራሱ የሚሮጥበት መንገድ አለው፤ በእሱ አስሮጥኩት። ያችን ፊደል ሲያገኝ ብቻ ቆም ብሎ ግራና ቀኟን ያያል። ፊደል መለወጡንም አስቀድሜ አንድ ጊዜ ጨርሼ ጽሑፉን በትንንሽ ፊደል አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ሳስነሣው መልሱ እጄ ከቁልፉ ሳይነሣ ስለመጣ ተበላሽቷል ብዬ ነበር። ጽሑፉ ተከፋፍሎ ስለሚገባ አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው ሲጀምር መሃል ላይ የተቆረጠ ቃል እንደሚያመልጠው ደርሼበት ያንንም አስተካከልኩ።

ጋሼ መርቀውኛል። ከዚያ በኋላ ግን ያልጠበቅሁት መጣ። ድሮ ማሽኑ ሲያስስ የሚጨፍኑትን ዓይን አሁን የሚጨፍኑበት ጊዜ አጡ። ቃል ይላሉ፣ መልሱ ይደረደራል፣ ያነባሉ፣ ይመርጣሉ፣ ሌላ ቃል ይላሉ። ምሳ ሳይደርስ ዓይናቸው ቀልቶ እንባ ያፈሳል። ወሬያችንም ቀረ።

«ጋሼ፣ ትንሽ እንረፍ» ስላቸው፣

«እሱ ሳይደክመው እኔ እንዴት ልረፍ?» ይላሉ። ሆኖም ቀን ሳይመሽ ዱቦ መድረስ ችለው ነበር፤ ለዚያ ደስ ይለኛል።

ባለቤታቸው አልዳኑም። ቀብሩ አገራቸው ጉኑኖ ሆነ፤ ከቢሮ ተሰባስበን ሄድን። ዝናብ እየጣለ ነበር። ጋሼ ከሰው መሃል ተቀምጠው እኔን በድምፄ እንጂ በመልኬ እንዳልለዩኝ አወቅሁ።

ወደ ሥራ ሲመለሱ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉና አንድ ቃል ነገሩኝ። የአማርኛ ፊደል መሃሉ ያለውን ድምፅ ስለማይይዝልኝ እዚህ አልጽፈውም። ማሽኑ ወዲያው መለሰ። የለም።

«እንደገና» አሉኝ።

የለም። ጥፋቱ የእኔ ፕሮግራም መስሎኝ ደነገጥኩ፤ የተቆረጠ ቃል ያመልጠው እንደሆነ ብዬ የድሮውን ፓስካል አስነሣሁ። እሱ እያዘገመ ሲያስስ ሁለታችንም ጠበቅን። በመጨረሻ እሱም የለም አለ።

«ምን ማለት ነው ጋሼ?»

«ሰው ስትጠብቅ ቆይተህ፣ ሲመጣልህ የሚወጣ ድካም አለ አይደል? እስኪመጣ የማታውቀው። ዱቦ ስደርስ ሁልጊዜ እሱን ነበር የምትለኝ። ‹አሁን ገና ተሰማኝ› ነው ነገሩ። እናቷም ትለው ነበር።»

ቃሉን አስገብተን የእሳቸውን ዓረፍተ ነገር በምሳሌነት ጻፍን። የቢሮው ኃላፊ ግን አልተቀበለም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንድ ሰው ብቻ የተናገረው ቃል አይገባም የሚል ደንብ ስላለ ነው።

«መምህር፣ ሐዘንዎ ይገባኛል» አላቸው። «ግን ነገ ሁሉም የቤቱን ቃል ይዞ ቢመጣስ?»

«ይምጣ እንጂ!» አሉ ጋሼ። «ቃል የሚመጣው ከየት መስሎህ ነው? ከማሽን?»

ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ስለነበሩ ግን አልተከራከሩም። በገበያ ቀን የባለቤታቸው እህት ጎደሬ ሊሸጡ ሶዶ ሲመጡ ጋሼ ቢሮ ጠሯቸው። ቴፑን ከፈትኩ። ጋሼ ቃሉን ሳይጠሩ፣ ልጅሽን ከአዲስ አበባ ስትጠብቂ ውለሽ ሲገባ ምን ትያለሽ ብለው ጠየቋቸው። ሴትዮዋ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ቴፑ አዩ፣ ከዚያ ቃሉን አሉት። ጋሼ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። እኔ ተየብኩ። ቃሉ ገባ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አዲስ ኮምፒውተር መጣልን። በሱ ላይ የድሮው የፓስካል ፕሮግራም ራሱ ዓይን ሳይርገበገብ ያገኛል። የእኔ ደግሞ ለ386 የተቆረጠና የተሰፋ ስለሆነ ከሱ እምብዛም አይቀድምም፤ ያ ብቻውን የሚሮጠው ትእዛዝ በአዲሱ ፕሮሰሰር ላይ ያን ያህል ፈጣን አይደለም። ለብዙ ወር ምት ስቀንስ የኖርኩት ለአንድ ማሽን ነው፤ ማሽኑም ጓዳ ገብቶ አቧራ ለበሰ። አልተናደድኩም፤ ለመናደድ የሚሆን ጉልበት አልነበረኝም።

መዝገበ ቃላቱ ሲታተም ጋሼ ማየት አቁመው አገራቸው ገብተዋል። አንድ ቅጂ ይዤላቸው ጉኑኖ ሄድኩ። መጽሐፉን ተቀብለው ክብደቱን በእጃቸው መዘኑ፣ ገጹን ዳሰሱ፣ መልሰው ሰጡኝ።

«አንብብልኝ።»

«የትኛውን?»

«ከፊተኛው ጀምር።»

ጀመርኩ። ወላይትኛዬ የሱቅ ወላይትኛ ነው፤ ማጥበቅ ያለብኝን አላላለሁ፣ እሳቸውም በየመስመሩ ያርሙኛል። ብዙ አልሄድንም።

«ይበቃል ልጄ» አሉኝ፤ «ሌላ ቀን ትመጣለህ።»

ተነሥቼ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ሚኒባስ አልነበረም። በእግሬ ትንሽ እንደሄድኩ እህል የጫነ መኪና ቆሞልኝ ጆንያው ላይ ተቀምጬ ሶዶ ገባሁ።