ቤት የማይነሳበት መኪና

መቀስ የሚለውን ስም ያወጡላት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ናቸው። ያኔ መርፌ እንኳ በወጉ ይዛ አታውቅም፤ ምላሷን አይተው ነው። ኋላ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ስትሆን ስሙ ልክክ አለላት። ሱቋ ከአውቶቡስ መቆሚያው ጀርባ ያለች፣ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ጠረጴዛ ከገቡባት ወዲህ ለሰው ቦታ ያልተረፈባት ክፍል ናት። ደንበኛ የሚለካው በሩ ላይ ቆሞ ነው። ትምህርት ሊከፈት ሲል እናቶች እየተጋፉ ሲመጡ መቀስ ሁሉንም በየተራ ትሸነቁጣቸዋለች፤ የሚቀየማት ግን የለም። “ልጅሽ አድጓል፣ ያላየሽው አንቺ ነሽ” ትልና ሱሪውን ሁለት ጣት አስረዝማ ትሰፋዋለች።

የልብ ጓደኞቿ ሁለት ናቸው። አንዷ ዳቦ ቤት ያላት ድምቡሼ ናት፤ ስሟ ራሱ መልኳን ይናገራል። ሌላዋ አስተማሪ ናት፤ ከክፍል ውጭም ሰው ማረም አይታክታትም። ሦስቱ በአንድ ዴስክ ተጣበው በሚቀመጡበት ዘመን፣ አንድ ቀን መኪና ይዘን ከከተማ ከተማ እንዞራለን ብለው ተማምለው ነበር። ከዚያ አንዷ ወለደች፣ አንዷ ሥራ በዛባት፣ አንዷ ዳቦ ቤት ከፈተች፤ ጉዞው ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ሃያ ዓመት አለፈው።

ባለፈው በጋ ሐኪሙ ለመቀስ የሆዷ ሕመም ጉበቷ ድረስ እንደዘለቀ፣ ከእንግዲህ ሊሰጣት የሚችለው ማስታገሻ ብቻ እንደሆነ ነገራት። ሃያ ዓመት ጠፍቶ የከረመው ጊዜ በሳምንቱ ተገኘ። አስተማሪዋ ፈቃድ ወሰደች፤ ድምቡሼ ዳቦ ቤቱን ለሠራተኞቿ ትታ የዳቦ ማመላለሻ መኪናዋን አጥባ መጣች። ጊዜ የለኝም የሚል ጤነኛ ሰው ምን ያህል ውሸታም እንደሆነ ያን ጊዜ ታየ።

መቀስ ግን እሺ ያለችው ሽርሽር አምሯት አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት የሆናት አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። አባትየው ልጅቱ በእቅፍ ሳለች ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል። መቀስ ወንድም አላት፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን በቤቱ አዛዧ ሚስቱ ናት፣ ሚስቱ ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ የምታስገባው ለሥራ ነው። መቀስ አንድ ቀን እዚያ ቤት ሄዳ፣ ሁሉም ማዕድ ቀርቦ ሲበላ አንዲት የዘመድ ልጅ ሳህን ለማንሳት ግድግዳ ተደግፋ ስትጠብቅ አይታለች። ያቺ ልጅ ከዓይኗ አልጠፋ ብላለች። ልጇን እንድትይዝላት የምትፈልገው ድምቡሼን ነበር። ድምቡሼ ልጅ የላትም፤ እሷና ባሏ ለዓመታት ሐኪም ቤት ተመላልሰው ሲደክማቸው ትተውታል። ልጅቱም ድምቡሼን ከሩቅ ስታይ ሮጣ ነው የምትጠመጠምባት። መንገድ ላይ፣ ሁላችንም ዘና ስንል እጠይቃታለሁ ብላ ነገሩን በሆዷ ይዛ፣ ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ወጣች።

ገና ከከተማው ሳይወጡ ድምቡሼ ሕግ አወጣች።

“በዚህ መኪና ውስጥ ሕመም፣ መድኃኒትና ቤት አይነሳም። ያነሳ ይዘፍናል።”

አስተማሪዋ አጨበጨበች። መቀስም ሳቀች፤ ምን ታድርግ።

ደግሞ ሐቁን ለመናገር መንገዱ ደስ ይል ነበር። በመጀመሪያው ከተማ ሦስቱም ሰፋፊ ባርኔጣ ገዝተው እንደ ሹም ሚስት እየተንጎራደዱ አረፈዱ። አስተማሪዋ ስህተት ያለበት የሱቅ ማስታወቂያ ባየች ቁጥር ባለሱቁን ካላስጠራሁ ስትል ጎትተው አስጣሏት። ከዚያ መንገዱ ጫካ ውስጥ ገባ፤ ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተው ፀሐዩን በጭላንጭል ብቻ ያሳልፉታል። አንድ ፏፏቴ ዘንድ ሲደርሱ ድምቡሼ ፎቶ አነሳለሁ ስትል ተንሸራታ ጭቃው ላይ ዘፍ አለች፤ ቀሚሷ ከኋላዋ ተተረተረ። መቀስ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ እዚያው እላይዋ ላይ ሰፋችላት፤ በየመርፌው ጥቅታም አንድ ስድብ አልቀረባትም። ሆዷን እስኪያማት ሳቀች፤ ሆዷ ለነገሩ ሳትስቅም ያማታል።

ሳቁ ሲበርድ ውኃውን እያየች “ልጄ ይህን ብታይ” ብላ ጀመረች።

ሁለቱ ተቀባብለው ቤት አነሳሽ፣ ዝፈኚ አሏት። ከመኪና ውጭ ነን ብላ ተከራከረች፤ ድምቡሼ ሕጉን እዚያው አሰፋችው። መቀስ ዘፈነች። ድምፅዋ ድሮም አያምርም፤ አሁን ደግሞ ትንፋሽ ያጥራታል። ዘፈኑ ሲያልቅ ወሬው ወደ ሌላ ዞሯል።

ማታ ሐይቅ ዳር ባለ ከተማ ሦስት አልጋ ያለው ክፍል ያዙ። አስተማሪዋ ገላዋን ልትታጠብ ገባች፤ የውኃው ድምፅ ይሰማል። መቀስ ጊዜው አሁን ነው ብላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና “ስሚኝማ” አለች። ድምቡሼ ቀና ብላ አየቻት። ወዲያው መኪናው ውስጥ የረሳሁት ነገር አለ ብላ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች። ተመልሳ ስትመጣ በእጇ ምንም አልያዘችም፤ አስተማሪዋም ታጥባ ወጥታ ነበር።

መቀስ ያን ማታ ዓይኗን ሳትከድን አደረች። ሕጉ እኔን ለማስደሰት የወጣ መስሎኝ ነበር፣ ለካ አፌን ለመለጎም ነው አለች በልቧ። ምን ልትጠይቃት እንደመጣች ድምቡሼ ከመነሻው አውቃለች፤ አውቃም አልፈለገችም። የገዛ ልጇን የሚገፋባት ሰው ያየች ያህል አንጀቷ አረረ። ይህን ሁሉ ዓመት እህቴ ስላት የኖርኩት ሞኝ ነኝ ብላ ግድግዳውን እያየች አለቀሰች፤ ድምፅ አላሰማችም።

በማግስቱ መመለሻው ነው። መኪናው ረጅሙን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ጋለና አናት ላይ አቆሙት። ከታች እርሻው፣ ሐይቁና ትናንት ያደሩበት ከተማ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አስተማሪዋ ብርቱካን ትልጣለች፤ ድምቡሼ የመኪናውን ኮፈን ከፍታ ሞተሩ እስኪበርድ ትጠብቃለች። መቀስ ማንም ዝፈኚ ሳይላት መዝፈን ጀመረች። መጀመሪያ ሳቁ። አላቆመችም፤ ትንፋሽዋ ሲቆረጥ እያረፈች፣ ከዜማው እየወጣች እስከ መጨረሻው ዘፈነችው። በዚያ መካከል መሳቃቸውን ትተዋል።

“ቅጣቴን ከፍያለሁ። አሁን እናገራለሁ” አለች። “ልጄን ያዢልኝ። ወንድሜ ቤት እንዳትገባብኝ።”

አስተማሪዋ ብርቱካኑን እንደያዘች ቀረች። ድምቡሼ ፊቷን ወደ ሞተሩ አዞረች።

“አትፈልጊያትም?”

“ማን አልፈልግም አለሽ።” ድምቡሼ ድምፅዋ ተሰባበረ። “እሺ ካልኩሽ ጨርሰሽ ትሄጃለሽ። ነገርሽ እስካላለቀ ድረስ አትሄጅም ብዬ ነው።”

 መቀስ ሌሊቱን ሙሉ ስትረግማት ያደረችው ሴት፣ ለካ በዚያች በማትረባ ሕጓ ሞትን በር ላይ አስቁማ ስትከራከር ነው የከረመችው።

“እሺ ብትይም ባትይም እሄዳለሁ፣ እህቴ” አለች ቀስ ብላ።

ድምቡሼ በሞተሩ መጥረጊያ ጨርቅ እጇን ጠረገች፤ አጥብቃ፣ ደጋግማ ጠረገች።

“እሺ” አለች።

ተቃቅፈው አልቅሰው መኪና ውስጥ ገቡ። ሕጉ ፈርሷል። ድምቡሼ መሪውን ይዛ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ልጅቱ ጠዋት ምን መብላት እንደምትወድ ጠየቀች። መቀስ ነገረቻት። ወተት አትወድም፤ በሻይ ከቀላቀልሽላት ትጠጣለች። ሂሳብ ላይ ጎበዝ ናት፣ ሲቆጧት ግን ያወቀችውም ይጠፋባታል። ነጎድጓድ ትፈራለች፤ አልፈራም ትልሻለች። ጫማዋ ሲጠባት አትናገርም፣ አረማመዷን አይተሽ ነው የምታውቂው። አስተማሪዋ ከኋላ ሆና አልፎ አልፎ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

መቀስ ይህ ሁሉ ሲነገር እፎይ እላለሁ ብላ ነበር የጠበቀችው። የሆነው ሌላ ነው። አንድ አንድ ነገር በነገረቻት ቁጥር ልጅቱ ከእሷ እጅ እየወጣች ወደዚያኛው ወንበር የምትሻገር መሰላት። ቅናት ያዛት፤ የሞት ደጃፍ ላይ ሆኖ መቅናት ያሳፍራል፣ ግን ያዛት። ሻዩን ቀላቅላ የምትሰጣት፣ አረማመዷን የምታየው ሌላ ሴት ናት።

“ሌላስ?” አለች ድምቡሼ።

“ሌላ የለም።”

ነበር። አንድ ነገር አስቀርታ ነበር፤ ይህቺ እንኳ የእኔ ብቻ ትሁን ብላ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጫካው አለቀ፣ ከከተማው ዳር ያለው የጡብ ማምረቻ አለፈ፣ የከተማቸው ጣሪያዎች መታየት ጀመሩ። ልጅቱ አሁን ከትምህርት ቤት ተመልሳ ጎረቤት ደጃፍ ላይ መንገዱን እያየች ይሆናል። እናቷን ካጣች በኋላ በመጀመሪያው ማታ፣ በጨለማ እጇን ዘርግታ የምትይዘውን ስታጣ ታያት።

“የሰው ጆሮ ይዛ ነው የምትተኛው” አለች መቀስ። “የቀኙን ጫፍ በጣቷ እያሻሸች። ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም።”

ድምቡሼ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል አንድ እጇን ከመሪው አንስታ፣ የቀኝ ጆሮዋን ጉትቻ አወለቀች።